እስኪጮህ ድረስ

ቀፊራ በር ላይ ቆሞ፥ ካርቶን ብስክሌቱ ላይ አስሮ፥
«ሰባቱ ሴት ናቸው፥ እህቴ» አለኝ ሻጩ፥ ስምንት ጫጩት ቆጥሮ፤
«አንዱን ብቻ አላውቅም።»
ማልልኝ ሳልለው፥ በሰባቱ ማለ፥ በእናቱ ስም።

ግማሹን ብር ያዋጣችው ረምላ ነች፥ የግድግዳ ጎረቤቴ፤
አራት አራት ልንካፈል ነበር፥ ማታውኑ፥ ከቤቴ።
ግን ሁሉም አንድ መልክ፥ አንድ ጩኸት፥ አንድ ብናኝ ወርቅ፤
«ሰው እንዴት ይካፈላል» አለች፥ «የያዘውን ሳያውቅ?»
ተውናቸው እኔ ግቢ፥ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር፥
በአንድ ያረጀ ሣጥን፥ በሽቦ አጥር።

ጋሽ ወርዶፋ መጡ ማታ፥ የምድር ባቡር ጡረተኛ፥
ፉርጎ ሲቆጥሩ ያረጁ፥ ቆባቸው ግን ዛሬም ሠራተኛ፤
መርፌ በክር አንጠልጥለው፥ ከአንዱ ወዳንዱ እያሻገሩ
«ከዞረ ሴት፥ ከተወዛወዘ ወንድ» እያሉ ቆጠሩ።
መርፌው ዞረ፥ ተወዛወዘ፥ ቆመ፥ ደግሞ ዞረ፤
የደቻቱ ነፋስ ይሁን፥ እጃቸው ይሁን፥ ማን መረመረ?

የረምላ አማት በእግሩ ዘቅዝቃ፥ «አንገቱን ካቀና አውራ ነው» አለች፤
ሁሉም አቀኑ።
ዝም ብላ ወደ ቤቷ ገባች።

ከሳቢያን የመጣች የእንስሳት ሐኪም፥ ገና ልጅ እግር፥
ክንፋቸውን እንደ ማራገቢያ ዘርግታ፥ ላባ በላባ ስትቆጥር፥
«ላንዳንዱ ዘር ይሠራል፤ የእነዚህን ግን አላውቅም» አለች፤
ጠብቁ ብላን፥ እጇን ታጥባ ሄደች።
ከመጡት ሁሉ የወደድኳት እሷን ነው።

እኔም ማለዳ ማለዳ፥ ቆርቆሮው ሳይግል ገና፥
ባልዲ ደፍቼ ተቀምጬ፥ ማየት ያዝኩኝ በጥሞና፤
አንዱ እግሩ ወፈር ይላል፤ አንዷ ላባዋ ቶሎ ይወጣል፤
አንዱ ጭልፊት ሲያልፍ አንገቱን አስግጎ ሰማይ ያያል፥
ሌሎቹ ከሣጥኑ ሥር ይሸሸጋሉ።
«ደፋሩ ወንድ፥ ፈሪዎቹ ሴት» አልኩ፤ ሰዎች እንዲህ ይላሉ።
ግን ደቻቱ ሌሊት የሞላ ጊዜ፥ ውሃው በር ገንጥሎ ሲገባ፥
ሁለት ልጅ አዝላ ጣራ የወጣችው ረምላ ነች፤ ባሏ መሰላል ይዞ ሲያነባ።

ከዚያ ወዲያ በድፍረት መለየት ተውኩ።

በአምስተኛው ሳምንት አንዱ አናት ላይ፥ ኩክኔው ደም መሰለ፤
ዘክር፥ የረምላ ልጅ፥ «ኮማንደር! ኮማንደር!» ሲል ዋለ፤
ጋሽ ወርዶፋም «ይሄ ለበዓል የእኔ ነው» ብለው ያዙ።
ግራጫዋን «ሙሽሪት» አልናት፥ አንገቷን ደፍታ፥ ዓይኖቿ እየፈዘዙ።

በሦስተኛው ወር፥ አንድ ንጋት፥ አዛን አልቆ ቅዳሴ ሳይጀመር፥
እንደ ዛገ በር፥ እንደ ድሮው ባቡር ፊሽካ፥ ስብርብር ያለ ድምፅ ከአጥር።
ወጣሁ።
ሙሽሪት ነች።
ከጅራቷ ሥር ሹል ላባ አብቅላ፥ እያብረቀረቀች፥
ሁለተኛውን ልትጮህ አንገቷን አቀናች።
ዓይኔ ወዲያው አመነ፤ ምላሴ ግን አልደረሰም፥
«ነች» እያልኩ ሳምንት ቆየሁ፥ «ነው» ለማለት አልቻልኩም።

ኮማንደርስ?
በአምስተኛው ወር፥ ለበዓሉ ሦስት ቀን ሲቀር፥
ጋሽ ወርዶፋ ክብደቱን ሊያዩ መጥተው፥ ቆባቸው ሣጥኑ ላይ ቀረ።
በነጋታው ቆቡ ውስጥ ተቀምጦ አገኘነው፥ ላባው ተነፋፍቶ፥
ሲነሳ እንቁላል፥ ትንሽ፥ ሞቃት፥ ጫፉን ደም ነክቶት።
ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩ፤ ቆቡን አላነሱም፤
«ይሁን» አሉ፥ «አሁን ፈረቃው የሷ ነው፤ እኔ አላስነሳትም።»

ቆጠርን፦ ሦስት ቄብ፥ አምስት አውራ።
አልተካፈልንም። እንቁላሉ በግድግዳው ላይ ይሻገራል፥ በሳህን፥ በየተራ።

ትናንት ያ ሻጭ በገንደ ቆሬ አለፈ፤ ካርቶኑ ይንጫጫል፤
«ሰባቱ ሴት! በእናቴ!» ይላል።
ረምላ ከግድግዳው በላይ ብቅ ብላ፥ ብሩን አስቀደመች፤
«ስምንተኛውን ስጠኝ» አለችው፥
«ያልማልክበትን።»