ትንሿ መቀነት

ቅዳሜ ማለዳ፣ ሌዳሞ ሥጋ ቤት፣
ወረፋው ተስቦ ወጥቷል እስከ አስፋልት፤
ጎድን የሚል አለ፣ ሻኛ የሚል አለ፣
ቢላው ከሞረዱ እየተሳሳለ።
ረሚሂዮ ግን፣ የፓርኩ መካኒክ፣ የስፌት መኪና ሐኪም፣
ጎድንም አላለ፣ ሻኛም አላለም፤
ሸሚዙን ገልጦ ወገቡን አሳየ፣
ቀበቶውን ነክቶ ወደ በሬው አየ።

ሌዳሞ ሳቀበት፦ "ምን ጉድ ነው ሰውየው?
በሬ ሱሪ አይታጠቅ፣ ቀበቶ ከየት ነው?"
እኔ አስተርጓሚው፣ "አገሩ ሜክሲኮ ነው" ብዬ ብነግራቸው፣
"ከአደባባዩ ወዲህ ነው ወይስ ማዶ?" አለ አንዱ ከመሀላቸው።

ሲገባን ጊዜ ግን ነገሩ ቀላል ነው፤
ከጎድኑ በስተውስጥ፣ ሳንባን ከሆድ ዕቃ የሚለየው፣
ውፍረቷ አንድ ጣት፣ ርዝመቷ ክንድ ያህል፣
ሌዳሞ ለድመቱ የሚወረውራት፣ ከሚዛን የማትውል፣
ያቺ ሥጋ ናት።
"ፋሂታ ማለትኮ ትንሽ መቀነት"
አለኝ፣ እየሣለ በካርቶን ወረቀት።

መቀነት! እሱንማ አውቃለሁ፤
አክስቴ ዳንጊሴ ከአሞራ ገደል ዓሣ ሸጣ ስትመጣ፣
የቋጠረችውን ብር በጥርሷ ፈትታ ስታወጣ
አይቻለሁ።

ከሥጋ ቤቱ ጀርባ፣ ከዳንጊሴ ግቢ፣
ሎሚ ጨመቀባት፣ ነጭ ሽንኩርት ደቆሰ፣
ሥጋዋን እንደ አራስ ልጅ ጨርቅ አለበሰ፣
ከዚያ ተቀመጠ።
"አሁንስ?" አልነው።
"ጠብቁ" አለና ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ገለበጠ።

ሲነቃ ከበቆሎ ቂጣ ጋገረ፣ መዳፍ የምታህል፤
"የአሻንጉሊት ቂጣ!" አለች ዳንጊሴ፣ "ማንን ሊያጠግብ ነው? ማንን ሊያታልል?"

ፍሙ ሲቀላ ሥጋዋ ወረደች።
ጮኸች፣
እንደ ሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ።
ዓሣ የጠገበው የሐዋሳ ድመት፣ የሌዳሞው፣
ጢሱን ተከትሎ መጣ ድርሻውን ሊያይ፤
ዛሬ ግን ተቀማ።
ሌዳሞም ደረሰ፣ ሽርጡን ሳይፈታ፣ ወሬውን ቢሰማ።

"ክሩን ተከትለህ ብትቆርጣት ጎማ ናት፣
ክሩን አቋርጠህ ብትቆርጣት ቅቤ ናት"
አለ ረሚሂዮ። ሠላሳ ዓመት የቆረጠው ሌዳሞ
ዝም ብሎ አየ ቆሞ።

ከዚያ አበላሉን፦
ቂጣዋ ከመዳፍ ትረፍ፤ ሥጋው ሁለት ሦስት ቁራጭ፣ አይብዛ፤
ፍም የላሰው ሽንኩርት ከላይ፣ እንዲያው ለዋዛ፤
አቮካዶ ከጓሮ፣ በጨው ተድጦ፤
ቲማቲምና ቃሪያ፣ ደቅቆ ተቆርጦ።
አይብ ብናቀርብለት "ያ የሆቴል ነው" ብሎ ፊቱን አጨፈገገ።
አጠፋት ለሁለት፤
ቂጣዋን አላዘመመም፣ አንገቱን ነው ዘንበል ያደረገ፤
ነከሰ።
ጭማቂው በክርኑ ፈሰሰ።
"ካልፈሰሰ" አለን፣ "ገና አልደረሰ።"

ተራው የዳንጊሴ ሆነ። ዘረጋች፣ ደረደረች፣
እንደ ሕጉ አጠፈች፣
ልትጎርስ ነው ስንል እጇ መንገድ ቀይሮ
ከረሚሂዮ ከንፈር ቆመ ተወጥሮ፦
"በሞቴ!"
"በኛ አገር" አለ፣ "ሰው የራሱን ነው የሚጠቀልለው..."
ቀሪውን ቃል ከነሥጋው ዋጠው።
ዓይኑ እንባ ሞላ።
"ቃሪያው ነው" አለ።
የዳንጊሴን ቃሪያ እናውቀዋለን፤ ሕፃን ይበላዋል።
ማንም ምንም አላለ።

ረሚሂዮ ሄዷል፤ መኪኖቹ ድነዋል።
ቅዳሜ ነው ዛሬም፤ ሌዳሞ ሥጋ ቤት ወረፋው ተስቧል፤
ጎድን የሚል አለ፣ ሻኛ የሚል አለ፣
"ለእኔ መቀነቷን!" የሚልም ተተከለ፤
ዋጋዋም ሚዛን ላይ ወጥቷል።
ድመቱ ደፉ ላይ ቁጭ ብሎ ሌዳሞን ያየዋል፤
ሌዳሞ ቀና አይልም፤
ቢላውን ይስላል።