ልብ ያለ ሰው

ኢሶሊና ከቫልፓራይሶ ወደብ፣ ሽቅብ ወደ መንደሩ
ሊፍት ታመላልሳለች፤ ያረጀ ገመዱ፣ የሚያቃስት ሞተሩ።
ደክሟት አይደለም፤ ዳገትም ሳትወጣ፣
ቁጭ ባለችበት ነው ያ ነገር የመጣ።
ሳንቲም ስትመልስ ለአንድ ባሕረኛ፣
ልቧ ተንፈራገጠ፤ ጆንያ ውስጥ ዶሮ፣ ያውም እልኸኛ።
ልትቆጥር ሞከረች፤ ቁጥሩ ጥሏት ሮጠ።
ከዚያ እንደ አመጣጡ፣ ድንገት ተቋረጠ።

የመጀመሪያው ሐኪም «ጭንቀት ነው» አላት፤
«ዕድሜም አለ» ብሎ፣ በፈገግታ ሸኛት።
ሁለተኛው ዘንድ ስትሄድ፣ ልቧ አደብ ገዝቶ ዋለ፤
መምህር እንደ ገባበት ክፍል ረጭ፣ ጭጭ አለ።
«አስዋሸኝ» አለቻት፣ ለጎረቤቷ ለኤውላሊያ፤
«ቤት የሚያምስ ባል፣ ደጅ ሲወጣ ጨዋ፤ የኔም ልብ እንደዚያ።»

ሦስተኛዋ ወጣት ናት፤ ስትናገር አላቋረጠቻትም።
ደረቷ ላይ ሽቦ ለጠፈች፣ ትንሽ ሣጥን፤ ከመዳፍ አትበልጥም።
«እስከ ነገ አትታጠቢ። በመጣብሽ ጊዜ ጻፊ፤
ሰዓቱን፣ ምን ትሠሪ እንደነበር፤ አንዳች አትግደፊ።»

ጻፈች፦ ቀትር፣ ደረጃ፤ ምንም።
ዘጠኝ ተኩል፣ ድንች ልጣጭ፤ ምንም። የማታ ዜና፤ ምንም።
ሌሊት አሥር ሰዓት፣ ተኝቼ በጎኔ፣
መጣ። አልፈራሁም። ምስክር አለ ከጎኔ።

«መቶ ሰማንያ ስድስት» አለች ሐኪሟ፣ ወረቀቱን ጠቁማ፤
ኢሶሊና የበሽታውን ስም እንኳ ገና ሳትሰማ
አለቀሰች። እንደ ዳነ ሰው አይደለም፤ ቃሉ እንደ ታመነ።
የልቧን ነገር ልብ ያለ፣ ዛሬ ገና ሆነ።
«ይህን ልውሰደው? ለኤውላሊያ ላሳያት።»
ሊፍቱ ጋ የተሰለፈው ሰው ግማሽ ሰዓት ጠበቃት።