ሲላላ፣ ሲጠብቅ

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይታወቅ በቅድሚያ።
መብራት ሳይሄድብኝ፣ በዚያ በማታ ጥድፊያ፣
ታቦር ተራራ ሥር፣ በቆርቆሮ ክፍሌ፣
ሦስት ቃል ባንድ መስመር ጻፍኩ እንደ አመሌ፦
ኩዊት፣ ኳየት፣ ኳይት።
«የፊተኛው ‘ተዪ’፣ መካከለኛው ‘ዝም’፣
የኋለኛው ‘በጣም’፤ ዛሬ ጊዜ የለም፤
ነገ እንደግማለን።»
አንዲት ኢ ስትዘል፣ ቲን ስትሻገር
ትርጉም ቤት እንደሚለቅ ሳላስረዳ ነበር
ሰሌዳው የጠፋው።
አንዲት ኢ ስትጎድል
ሰው ከሥራ ገበታው አብሮ እንደሚጎድል
እኔም ገና አላወቅሁም።

ታሪኳ ሌዳሞ ከኋላ ወንበር ነች፤
አምና ከአለታ ጩኮ መጥታ ፓርክ የገባች።
ፊቱን ለማታየው፣ ስሙን ለማታውቀው፣
በቀን ስድስት መቶ አንገት ነው የምታበጀው፤
ኮሌታ ትገጥማለች፣ ማሽን አሥራ አራት ላይ፣
ጀርባዋን ለመስኮት፣ ሐይቁን ሳታይ።

ሐሙስ ዕለት ነበር። መርፌ ተሰብሮባት፣
ጎረቤቷን ስትለምን ድምጿ ከፍ ቢልባት፣
ሱፐርቫይዘሯ መጣች፤ ባሕር ማዶ ነው አገሯ፤
እንግሊዝኛው ለእሷም የውሰት ጫማ ነው፣ የማይሆን ለእግሯ።
ጣቷን ቀሰረችና
«ኳየት!» አለች።
ታሪኳ «ኩዊት» ሰማች።
መቀሷን አስቀመጠች፤
የራስ መሸፈኛዋን አራት አድርጋ አጠፈች፤
አልጠየቀች፣ አላለቀሰች፤
ዝም በይ የተባለች ልጅ ዝም ብላ ወጣች።
ሁለቱንም ቃል ባንዴ ታዘዘች።

እሑድ አገኘኋት አሞራ ገደል ላይ፤
አባ ኮዳዎቹ እንደ ፈታኝ ቆመው፣ ቁልቁል ሲያዩን ከላይ፣
ዓሣ ትበልታለች፣ በቀን ክፍያ፣ እጇ ቅርፊት ለብሶ።
ነገርኳት፦ «‘ዝም በይ’ ነው’ኮ ያለችሽ ጨርሶ!»
ሳቀች። ሳቋ ግን ለዚህ አልነበረም።
«ቲቸር» አለች፣ «ይሄማ አዲስ አይደለም፤
በአማርኛም ደርሶብኝ ያውቃል።
ስቀጠር አፌ ሲዳምኛ ብቻ ነው የሚለቅም፤
መዝጋቢው ቀና ብሎ ‘ሰፊ ነሽ?’ ቢለኝ፣
ክንዴን አየሁት፤ ወገቤን አየሁ፤
‘ኧረ ጋሼ፣ ቀጭን ነኝ!’»

ሳቅሁ። ቀጥሎ ሳቄን ዋጥሁት።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚህ ቋንቋ ውስጥ ስኖር
ሰፊው ከሰፊው በአንድ ትንፋሽ እንደሚለይ አላስተዋልሁም ነበር።
ሲላላ መርፌ ይይዛል፤ ሲጠብቅ በር ይሞላል።
ዋና ሲላላ ሐይቅ ይገባል፤
ሲጠብቅ ወንበር ይይዛል።
ገና ሲላላ ይቀራል፤ ሲጠብቅ ይከበራል።
ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ ማን ጻፈልኝ? ማንም።
ጆሮዬ ከሕፃንነቴ የለቀመው እንጂ የተማርኩት አይደለም።
ለእሷ ግን ቃል ሁሉ ፈተና ነው፤ ሁለት ጊዜ ባዳ፣
አንዴ በፋብሪካ፣ አንዴ በእኔ ሰሌዳ።

ሰኞ ተመለሰች። ገና ከበሩ ላይ
ሱፐርቫይዘሯ «ዋይ ኩዊት?» አለቻት፤
ታሪኳ «ዋይ ኳየት?» ሰማች።
«ዩ ቴል ሚ» አለች።
አንቺው አይደለሽ ያልሽኝ! ለሁለቱም ጥያቄ ልክ መልስ ነበር፤
እንዲህ ያለ ልክ መልስ ፈተና ላይ አርሜ አላውቅም።
ማሽን አሥራ አራት ላይ ግን
ሌላ ልጅ ተቀምጣ፣
ሌላ አንገት ስትገጥም ነበር።

ዛሬ ማታ ስም ስጠራ፦ «ታሪኳ ሌዳሞ!»
ዝም።
ኳየት ይሁን ኩዊት፣ ይህኛው ዝምታ፣
አስተማሪው ራሴ መለየት አቅቶኝ ቆምሁ ለአፍታ።
ከኋላ ጸጋነሽ፣ ደብተሯን ሳትገልጥ፣
«አለች» አለች፤
ሌላ አልጨመረች።
መዝገቤ ላይ ያንኑ ጻፍሁ፦ አለች።
መኖሯን ይሁን መናገሯን ቀለም አይለይም፤
የሚያነበው ሰው ያጥብቅ፣ ወይም ያላላ።
እኔ ወንበሯን አላነሳሁም።
ይጠብቃል።