ለካ

ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። ሰው ሲናገር እጽፋለሁ፤
ሰው ዝም ያለ እንደሆን መስመር ዘልዬ አልፋለሁ።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ባሕር ዳር፣ የሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ፤
(ሊፍቱ ተበላሽቶ፣ ታካሚዎቹ በየእርከኑ እያረፉ ሲወጡ፣
እኛ ቁጭ ብለን ስንጠብቅ፤)
አጀንዳው አንድ ነበር፦ «ሳንባው የታመመ፣
ስምንት ሳምንት ሙሉ ማገገሚያ ገብቶ ላቡን ያፈሰሰ፣ የደከመ፣
ምኑ ሲለካ ነው ‹ተሻለው› የሚባል?»
በመስኮቱ በኩል ጣና ይታያል፤
ዳር ዳሩን እምቦጭ ወሮት፣ እሱም በሐይቅነቱ
አየር የጠበበው ይመስላል ደረቱ።

ዶክተር ሽባባው ቀደመ፤ «ክርክር ምን ያሻል?
በማሽኑ ይንፉበት፣ ሊትሩ ይነግረናል።»
«ሊትሩማ አይጨምርም» አለች ሐረገወይን፤
«የጠፋ ሳንባ አይበቅልም፤ ጉልበቱን እንይ እንጂ፣ እግሩን»፤
ኮሪደሩ ላይ በፕላስተር ያሰመረችውን ሠላሳ ሜትር እየጠቆመች፣
«ስድስት ደቂቃ ይሂዱ፣ ርቀቱ ይመስክር» ብላ ተቀመጠች።
ከዩኒቨርሲቲ የመጣው ልጅ ቅጽ ይዟል፣ ባለ ሃምሳ ጥያቄ፤
«ከ‹ምንም› እስከ ‹በጣም› ይሙሉት» አለ፣ በጥንቃቄ።
ሦስቱም ልክ ነበሩ፤ ልካቸው ግን ለየቅል፤
አንዱ የጫነውን አንዱ ሲያራግፍ፣ ሲጥል፣
ሻዩ ቀዘቀዘ።

በሩ ሥር ከነበሩት እትዬ አንጓች ተነሡ፤
ቆመው ጠበቁት፣ እስኪረጋ እስትንፋሱ።
«ሃያ ሰባት ዓመት፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ፈትል ክፍል፤
ብናኙ ደረቴ ላይ ቤት ሠርቷል፤ ልቀቅ ቢሉት አይል።
ልጄ... ከሐዋሳ ስትደውል፣
‹ሃሎ› ስላት፣
‹እማዬ፣ እየሮጥሽ ነው እንዴ?› ትለኛለች።
አልጋ ላይ ተቀምጬ።
‹እየሮጥሽ ነው› የማትለኝ ቀን...
እሱን ለኩልኝ።»

አቶ ኑርዬ ቀጠሉ፤ ደንገል አሥረው ታንኳ የሚሠሩት።
«እኔስ... ሰላምታዬ ነው የተቆረጠ።
‹እንዴት ሰነበትህ፣ ቤተሰብ ደኅና፣ ልጆች ደኅና›... ብዬ
ከብቱ ጋ ሳልደርስ
ትንፋሼ ያልቃል፤ ሰውየው አልፎኝ ይሄዳል።
‹ኮራ› ይሉኛል።
ከብቱ ጋ ካደረሳችሁኝ... ይበቃኛል።»
ሳቅን። እሳቸውም ሊስቁ ሞከሩ፤
ሳቁን ሳል ወሰደው።

«ቁና ቁና ተነፈሰ» የሚለው አባባል ያኔ ትዝ አለኝ።
ማሽኑ በሊትር ሳይመጣ፣ እህል ሰፋሪው ሕዝብ
ትንፋሽን በቁና ሰፍሮታል።
ግን ሰፋሪው ማን ነበር?
ተንፋሹ ነው? ወይስ አጠገቡ ቆሞ የሰማው?

ሲመሽ ተስማማን፦
እግር ይለካ፣ ቅጹ ይጠር፤ ሊትሩም ይኑር፣ ግን ከኋላ ወንበር፤
አንዲት መስመር ባዶ ትተው፣ ታካሚው ራሱ የመረጣት ነገር
የምትጻፍባት።
«ልክ ነው?»
«ልክ ነው።»
ሁሉም ፈረመ።

አንድ ሰው ቀርቷል። ጥግ ላይ፣ አቶ ዳኘው፣ የወፍጮ ቤት ሰው።
እጃቸውን አንሥተው ነበር።
አየር ሳቡ፣ ሳቡ፤
ቃላቸው እስኪደርስ አጀንዳው አለፈ።
«አስተያየት የለም» ብዬ ጻፍሁ።

ማታ፣ በዘንባባው ጎዳና ወርጄ ሐይቁ ጠርዝ ላይ ቆምሁና
እስትንፋሴን ያዝሁ፣
የአቶ ዳኘው እጅ ተነሥቶ የቆየውን ያህል ልይዝ።
ጆሮዬ ጮኸ፤ ዓይኔ ፈዘዘ፤
ግማሽ ሳልሄድ ለቀቅሁት።

ዶክተሩ አየር ለካ፣ ልጅቷ መንገድ ለካች፣ ሰዓቱም ጊዜ ለካ፤
ዝምታም ልክ ነበረው
ለካ።

ዛሬ ጠዋት መዝገቡን ገልጬ ያን ቃል ሰረዝሁት።
«አቶ ዳኘው፦» ብዬ ጽፌ፣
እስክሪብቶዬን ሳላነሣ
እየጠበቅሁ ነው።