የሦስት ወር ወንበር

በሻርጃ፣ በአል ናህዳ፣ በካሸር ቁጥር ሰባት፣
ዐሥራ አንድ ሰዓት ቆሞ መዋል ነው የቤቱ ሥርዓት።
“የተቀመጠ ሠራተኛ ለደንበኛ ዐይን ሰነፍ ነው”
ይላል ደንቡ፣ በሦስት ቋንቋ ጓዳ በር ላይ የተለጠፈው።
አራተኛ ቋንቋ ነበር፣ እሱን ግን ማንም አልጻፈው፣
ማታ ከጨው ውሃ ሳገባው እግሬ የሚናገረው።

ከእጄ አጠገብ ትንሽ ሣጥን፣ ሦስት ፊት ያለባት፦
አረንጓዴ የሚስቅ፣ ቢጫ ዝም ያለ፣ ቀይ የተኮሳተረባት።
ሩዙን ሳሙናውን ከፍሎ የሚሄድ ሁሉ አንዱን ይነካል፤
በእኔ ፊት፣ የእኔን ፊት፣ በጣቱ ይለካል።
አንድ ሕፃን፣ መብራቱ ደስ ቢለው፣ ቀዩን ደጋግሞ መታው፤
የዚያን ወር ቦነሴን፣ እናቱ ሳታይ፣ በትንሽ ጣቱ በላው።

በመጋቢት ዶክተር ሻምሳ ከነሠንጠረዣቸው መጡ፤
“ለሰባት ወንበር ይሰጥ፤ ለስምንት ግን እንዳትሰጡ፤
ሠራተኛ ሲያርፍ ደንበኛ ይረካ እንደሁ ይለያል፤
አንዷን ከአንዷ ሳያስተያይ ጥናት እንዴት ያያል?”
ሚስተር ቢጁ ራሱን ነቀነቀ፤ ወንበሯም ገባች፤
ስዞርባት የምትንጫጫ፣ ጥቁር፣ መደገፊያ አልባ ነበረች።

ተቀመጥኩ።
ለካ ሰው ወገቡ ሲያርፍ ዐይኑም ይመለሳል፤
“ሳሉ ተሻለዎት?” ብሎ የሰው ጤና ይጠይቃል።
አንድ ፓኪስታናዊ ሽማግሌ፣ ዘወትር ምስር የሚገዛ፣
ሳንቲም ሲለቅም ጠበቅኩት፤ ጊዜዬ በድንገት በዛ።
እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አረንጓዴውን ነካ፤
ቀዩ ፊት አቧራ ለበሰ፣ አረንጓዴው ግን ፈካ።

ስምንት ላይ ሮዝሊን ቆማለች፤ “ማነጻጸሪያ” ሆኗል ስሟ፤
አንዱን እግር በአንዱ ታሳርፋለች፣ በተራ ነው ድካሟ።
አንድ ቀን፣ ከዙህር በኋላ፣ ሰልፉ ሳስቶ ሰው ሲሳሳ፣
ወንበሯን በእግሬ ገፋሁላት፣ ደንቡ ለአፍታ ቢረሳ።
“ጥናቱስ፣ ይርገዱ?”
“ጥናቱ ይቀመጥ። አንቺም ተቀመጪ።”
ከዚያ ወዲህ አንድ ሰዓት ለእሷ፣ አንድ ሰዓት ለእኔ፤
ዕረፍትን እንደ መስኖ ውሃ በተራ ለቀቅን፣ ወገኔ።

በሰኔ ሪፖርቱ ተነበበ፤ ግድግዳው ላይ ባለቀለም መስመር፤
“ሰባት በሠላሳ ከመቶ ጨመረች!” ጭብጨባ ነበር።
“ስምንትም ጨመረች… ቆማ…” ዶክተሯ መነጽር አወለቁ፤
“ምክንያቱ አልታወቀም” ብለው ከግርጌ ጽፈው ዘለቁ።
ሮዝሊንና እኔ መሬት መሬት አየን።
ማንም አልጠየቀን፤
መጠይቁ ለደንበኛ ነው።

አሁን ግኝቱ በሦስት ቋንቋ ጓዳ በር ላይ ነው፣ በወርቅማ ክፈፍ፦
“ያረፈ ሠራተኛ የረካ ደንበኛ ያፈራል”፤
እኛ ከሥሩ፣ ለዐሥራ አንዱ ሰዓት ስንሰለፍ።
ጥናቱ አልቋል። ወንበሯ መጋዘን ተመልሳለች።
ትናንት ሳሙና ላወጣ ብገባ፣
መወልወያው ተቀምጦባታል።
በጣቴ ገፋ አደረግኳት፤
ተንጫጫች።