ያልታወቀ

ጡብ፣ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ብረትና ቆርቆሮ፤
ቤት ማለት ይኼው ነው፣ ብዬ ስደምር በእንጉርጉሮ፣
ሚኒባሴን አቁሜ፣ መሪው ላይ ዘርግቼ ደብተር፣
ሰባ ሁለት ሺህ ቦሊቪያኖ። አለቀ፣ ምን ሊቀር ነገር?

ኤል አልቶ ነው አገሩ፣ ሰማይን የሚነካ፣
ትንፋሽም እንደ ገንዘብ በስስት የሚለካ።
ከኢሊማኒ በረዶ ነፋስ ሲወርድ ማታ፣
የተከራየናት ክፍል፣ በሯ እየተመታ፣
ስድስት ዓመት ኖርን፣ በሰው ቤት፣ በሰው አጥር፤
በመጨረሻ ገዛን ቁራጭ መሬት፣ ሴንካታ ዳር።

ዴሜትሪያ ሚስቴ፣ ክርና መርፌ የምትሸጥ፣
በሳንቲም የምታስብ፣ በሺህ የማትደነግጥ፣
ደብተሩን ከእጄ ነጥቃ፣ መነጽሯን አጥልቃ፣
ስድስተኛ መስመር ጻፈችልኝ ጠንቅቃ፦
«ያልታወቀ፦ ሃያ ሺህ።»

ሳቅሁ። «ያልታወቀ ነገር በምን ተመን ይገዛል?»
«አይገዛም» አለች፣ «እሱ ራሱ ይገዛል።»

መጀመሪያ አፈሩ ከዳን። ጉድጓዱን ቆፋሪው
አንድ ሜትር ብሎ ገብቶ፣ በሦስት ነው አለት ያየው።
ቀጥሎ የጭነት መኪናው፣ ዳገቱ ስር ቆመና
«ዋጋዬ እስከዚህ ነው» አለ፣ ጡቡን አራገፈና።
ሽቅብ የሚሸከም ስድስት ጎረምሳ ተቀጠረ፤
ለጎረምሳው ዳቦ፣ ለዳቦው ለስላሳ ተጨመረ።
የውሃ ቆጣሪ፣ የካርታ፣ የማህተም፣
የመብራት ምሰሶ፤ ምኑ ቅጡ፣ ቢጽፉት አያልቅም።

የላማ ሽል፣ ደረቁን፣ ከገበያ ገዛን፣
ምድር በልታ ትጥገብ፣ ሰው እንዳትበላ ብለን፤
መሠረቱ ስር ቀበርን፣ አልኮል ረጨንበት፤
ሽማግሌው መረቀ፣ ደረሰኝ ግን የለበት።
ዴሜትሪያ ጻፈችው፦ «ለምድር፣ አራት መቶ»፤
ያለ አንዳች ሐፍረት፣ ከሚስማሩ ተርታ ገብቶ።

በታኅሣሥ ዝናብ መጣ። ሲሚንቶው ጠጠረ፤
ሃያ ከረጢት ሙሉ፣ ድንጋይ ሆኖ ቀረ።
ግንበኛው ኢላሪዮን ሰኞን አያውቃትም፤
እሁድ የያዘችው ጠርሙስ እስከ ማክሰኞ አትለቀውም።
ሃያ ሺሁ አለቀ።
እኔ ዝም። እሷ ዝም።

ግጥም ቢሆን ኖሮ ቤት መምታት ይበቃው፤
ሂሳብ ነውና ግን ቤት ነው እኛን የመታው።

ገባን። ወለሉ አፈር፣ ግድግዳው ያልተለሰነ፣
መስኮቱ ፕላስቲክ፤ ግን የኛ የሆነ።
አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ፣ ሻማ ፍለጋ ስዳብስ
ያ ደብተር እጄ ገባ፤ የኋላ ገጹ ላይ በእርሳስ፣
በደቃቅ ጽሕፈት፣
ለኔ ያልተነገረ ሌላ ሂሳብ አለበት፦

«ጥርሴ፦ ይቆይ።
የኔልያ የትምህርት ቤት ጫማ፦ ተጠግኖ ይቆይ።
እሁዶቼ፦ መቶ አሥራ ሁለት።
ከእህቴ የተበደርኩት፦ ተከፍሏል።
እህቴ ግን አልተመለሰችም።»
ከስሩ መስመር አሥምራ፣ ድምሩን አልጻፈችም።

ለካ ያን ሁሉ ወር በግራ መንጋጋዋ ብቻ
ስታላምጥ የማያት፣ ልማድ መስሎኝ የሷ ብቻ፣
የበሩ ማጠፊያ ኖሯል ያ ጥርስ።
በሩን ከፍቼ ዘጋሁት። አይንቋቋም። ምንም።

አሁን የጎረቤት ልጅ፣ ሊያገባ የተነሣ፣
«ቤት ስንት ያስወጣል?» ይለኛል፣ ሚኒባሱ ውስጥ፣ ከኋላ።
ጡቡን እነግረዋለሁ። ብረቱን። ቆርቆሮውን።
ከዚያ አረንጓዴ ይበራል፣ እነዳለሁ።

ከጣሪያችን በላይ የአምዶቹ ብረቶች ቆመዋል፣
ለሁለተኛ ፎቅ ተብለው፤ እርግብ ያርፍባቸዋል።
ትናንት ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፣
ስንት ነው ብዬ ሳልጠይቅ።
እሷ ግን፣ በደነዘዘ አፏ፣ በተንጋደደ ከንፈር፣
«ስንት ነው?» አለችው፣
እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አውርዳ።