ከመቃው ጫፍ

ደምበጫ ገበያ፣ ከመናኸሪያው ማዶ፣
የእህል በረንዳ አለኝ፣ ቆርቆሮው ተቀዶ።
ሃያ ዓመት ሙሉ ሚዛን አንጠልጥያለሁ፤
ጆንያ ሳልፈታ በጆሮዬ አውቃለሁ፦
ዝም ያለው በቆሎ ንጹሕ ነው፣ ይጫናል፤
ሹክ ሹክ የሚለውን ነቀዝ ጀምሮታል።
እንደ ሩቅ ዝናብ ነው ነቀዝ ሲያኝክ ድምፁ፤
ላዩ ወርቅ የመሰለ፣ ዱቄት ነው ውስጡ።

ከሚዛኑ በታች፣ ከጠረጴዛው ሆድ፣
ክኒን እሸጥ ነበር ነቀዝን የሚያርድ።
ለጠየቀኝ ሁሉ በጋዜጣ ጠቅልዬ፤
«ሰው ከሚያድርበት ቤት አይግባ» —
ብዬ ነበር? ብዬ?

በኅዳር መጨረሻ፣ አንድ ማክሰኞ ዕለት፣
የአንጓች ታናሽ እኅት ገዛችኝ ሁለት።
ጎታው ከመደቡ ተጠግቶ ነው የቆመው፤
መደቡ ላይ ደግሞ የሚተኛው ቢምረው።
ስምንት ዓመቱ ነው።
ነበር።

ከዚህ በላይ አልልም። ማንም አልጠየቀኝ።
ለቅሶ ደረስሁ፤ ንፍሮ በእፍኜ ሰጡኝ።
ከንፍሮው መሐል አንዷ ነቀዝ የበሳት ነበረች፤
ዋጥኋት።

አንጓች አረቄ አውጪ ናት፣ ከጤና ጣቢያው ጀርባ፤
እንስራዋ በሊጥ ታሽጎ፣ መቃው ከገንቦ ሲገባ፣
ሠርገኛውም ሾፌሩም በሷ ደጅ ነበር፤
ከአርባው በኋላ ግን ጌሾው ቀረ፣ ያ ነገር።
ቅጠል ከተተችበት፦ ኮሰረት ከጓሮ፣
ጥንጅት ከገደሉ፣ ጠጅ ሳር ተከምሮ፤
ውሃ ብቻ ከላይ፣ ከሥር የግራር ፍም፤
«አንጓች ሳር ጠመቀች!» አለ፣ ሳቀ ሁሉም።

ከመቃው ጫፍ በጥዋት ጠብ... ጠብ... እያለ፣
በውሃው ገጽ ቅባት ብጫ ዓይን አበቀለ።
ከአንድ ሸክም ቅጠል፣ ከአንድ ሌሊት እሳት፣
የተገኘው ዘይት ማንኪያም አልሞላላት።
የፔኒሲሊን ብልቃጥ ቀቅላ አሳጠበች፤
ዘይቱን አንጠባጥባ በቡሽ ወተፈች።
ጥጥ ነክራ፣ በጨርቅ ቋጥራ፣ ከጆንያው ሆድ ሸጎጠች፤
በሚያዝያ፣ ቅዳሜ፣ በቆሎዋን አመጣች።

ጭነቱ ገና ሳይወርድ ከአህያው ጀርባ ላይ፣
ቅቤ የሚነጠር መሰለኝ በረንዳዬ ላይ።
ነጋዴ ነኝና አፌ ቀደመኝ፦
«ይሸታል። ከኩንታሉ ሃምሳ ብር ቀንሺልኝ።»
ምንም አልመለሰች። ቆማ አየችኝ።
ጆሮዬን አስጠጋሁ።
ዝም።
እንደተኛ ልጅ ዝም።
ሙሉውን ከፈልሁ፤ ለምን እንደሆን አልነገርኋትም።

የቡሬ ደንበኛዬ ደውሎ ጮኸብኝ፦
«ያራስ ቤት ገንፎዬ ሽቶ ሽቶ አለብኝ!»
ሳቅሁ፤ ከዚያ ወራት ወዲህ የመጀመሪያዬ።
ሰኔ ገባ። ጉሙ ወረደ እስከ ደጃፌ፤
አንድ ሌሊት ከቀረው ጆንያ አጠገብ አልፌ
ሰማሁት፦
ሹክ... ሹክ...

ጭቃውን እየረገጥሁ አንጓች ዘንድ ሄድሁ።
«ሽታው ለቀቀ፤ ነቀዙ ተመለሰ» አልሁ።
«ይለቃላ!» አለችኝ፣ እሳቱን እየቆሰቆሰች፤
«የቅጠል እስትንፋስ በጆንያ መቼ ታሰረች?
ሳይጠሩት የሚከርም መርዝ ነው፤ ይኼ እንግዳ ነው፤
በየወሩ ካልጋበዙት ይሄዳል፣ ኩሩ ነው።»

እኅቷ ከመደቡ ላይ ኮሰረት ትቀነጥሳለች፤
ቀና አላለችም። ጣቶቿ አረንጓዴ ሆነዋል።

ብልቃጧን ተቀበልሁ። ዋጋዋን ጠየቅሁ። ነገረችኝ።
«ቀንሺ» ልል ምላሴ ተነሣ፤ መልሼ ዋጥሁት፤
ብሩን ቆጥሬ ከመደቡ ጫፍ አኖርሁት።

ማታ ጥጡን ነክሬ ከጆንያው ከተትሁ።
ሦስት ቀን፣ ሦስት ሌሊት ጠበቅሁ።
ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ በቆሎው ዝም አለ።
ሹክ የሚል ነገር ግን አሁንም አለ።